ማኒፌስቶን መርምሮ ማንበብና አቋምን በማስረጃ አስደግፎ መጻፍ፦ ዝርዝር መመሪያ

ማኒፌስቶ አንድ ቡድን ወይም ግለሰብ የሚያምንበትን፣ የሚቃወመውንና ሊያደርግ ያሰበውን ለሕዝብ በይፋ የሚያሳውቅበት ጽሑፍ ነው። ቃሉ «ግልጽ፣ በዐይን የሚታይ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ወደ አማርኛም ሳይተረጎም እንዳለ ገብቷል። «የአቋም መግለጫ» ብንለው ከሞላ ጎደል ያስኬዳል፤ ነገር ግን መግለጫ ሲያሳውቅ ማኒፌስቶ ከማሳወቅ አልፎ ይጠራል፣ ያሰልፋል። የሚጻፈው በልባቸው የተስማሙትን አንድ ላይ ለማቆም እንጂ ያልተስማሙትን በማስረጃ ለመርታት ስላልሆነ፣ በውስጡ ብዙ ድምዳሜ፣ ጥቂት ማስረጃ፣ ከሁለቱም ያነሰ ማብራሪያ ይገኛል። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ የጽሑፉ ዓይነት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ስለ ማኒፌስቶ እንዲጽፍ የተጠየቀ ሰው ሌላ ማኒፌስቶ ጽፎ ሲመጣ ነው። ተማሪዎች የጻፉትን ሳርም ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው፤ ጽሑፉን የወደደው ያጨበጭብለታል፣ የጠላው ይረግመዋል፣ ሁለቱም ግን ለምን እንደሆነ አያሳዩም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ከንባቡ ተነሥተው እስከ መጨረሻው እርማት ይዘልቃሉ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደጻፈው ማወቅ

ጽሑፉን ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ፦ በማን ስም እንደወጣ፣ ለማን እንደተጻፈና የወጣበትን ቀን። ቀላል ይመስላሉ፤ ሆኖም ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ያሳስታል። እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ሮበርት ፒል በታኅሣሥ 1834 ያወጡትና በምርጫ ማኒፌስቶዎች ታሪክ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጽሑፍ፣ በወጉ የተላከው ታምዎርዝ ለምትባል የአንዲት ከተማ መራጮች ነበር። ነገር ግን በለንደን ጋዜጦች ታትሞ አገሩ ሁሉ አነበበው፤ የተፈለገውም እርሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የጸደቀውን የምርጫ ማሻሻያ ሕግ «የመጨረሻና የማይሻር» እልባት አድርገው እንደሚቀበሉት ሲጽፉ፣ የሚናገሩት ከከተማቸው ነዋሪዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ወግ አጥባቂውን ወገን በጥርጣሬ ከሚያይ ሰፊ ሕዝብ ጋር ነበር። በአድራሻው ላይ የተጻፈው ተቀባይና እውነተኛው ተቀባይ ሊለያዩ እንደሚችሉ የማያስብ አንባቢ የጽሑፉን ግማሽ ሳያየው ያልፋል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ካርል ማርክስና ፍሬድሪክ ኤንግልስ በየካቲት 1848 ለንደን ያሳተሙት የኮሚኒስት ማኒፌስቶ በሁለተኛው ክፍሉ መጨረሻ ላይ አሥር እርምጃዎችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ መካከል ገቢው ባደገ ቁጥር የሚከብድ ግብርና ለልጆች ሁሉ በሕዝብ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ነጻ ትምህርት ይገኙበታል። ደራሲዎቹ ግን በ1872 ባወጡት መቅድም፣ በእነዚያ እርምጃዎች ላይ የተለየ ትኩረት እንደማይደረግና ክፍሉ በዚያን ጊዜ ቢጻፍ በብዙ መልኩ ሌላ ቅርጽ ይኖረው እንደነበር ራሳቸው ገልጸዋል። ስለዚህ አሥሩን ነጥቦች ብቻ ይዞ «የማርክስ የመጨረሻ ዕቅድ ይህ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ማርክስን ደግፎም ሆነ ተቃውሞ ቢጽፍ፣ ከደራሲው ከራሱ ጋር ይጋጫል። ሰነዱ ከወጣ በኋላ ባለቤቶቹ ስለ እርሱ የተናገሩትን መፈለግ የንባቡ አካል ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ዓረፍተ ነገሮቹን በየዓይነታቸው መለየት

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ የቀረው ሥራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። ጽሑፉን ከአንድ ጊዜ በላይ ካነበቡ በኋላ እርሳስ ይዘው በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ከአራት ፊደላት አንዱን ያኑሩ። «እ» እውነትነቱ ወይም ሐሰትነቱ ሊጣራ ለሚችል ነገር ነው። «ፍ» ስለ መልካምና ክፉ፣ ስለ ተገቢና አግባብ ያልሆነ ነገር ለሚሰጥ ፍርድ ነው። «ቃ» ለወደፊት ለሚገባ ቃል ወይም ለሚወጣ ዕቅድ ሲሆን፣ «ጥ» አንባቢው አንድ ነገር እንዲያደርግ ለሚቀርብ ጥሪ ነው። ሁለት ፊደል የሚያስፈልገው ዓረፍተ ነገር ሲገጥምዎ ሁለቱንም ይጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ የጽሑፉ ጉልበት ያለው በእነዚህ ቅልቅሎች ውስጥ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት። በሐምሌ 1848 በኒውዮርክ ግዛት ሴኔካ ፎልስ በምትባል ከተማ በተካሄደ የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ፣ በዋናነት ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተን ያረቀቁት የአቋም መግለጫ 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ፈርመውበት ወጣ። ቅርጹ የተወሰደው ከ1776ቱ የአሜሪካ የነጻነት ዐዋጅ ነው። የቀድሞው ሰነድ በጊዜው አነጋገር «ወንዶች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል» ተብሎ ሊነበብ የሚችለውን ሐረግ የያዘ ሲሆን፣ አዲሱ «ወንዶችና ሴቶች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል» አለ። የተጨመረው አንድ ቃል ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር «ፍ» ነው፤ መዝገብ አገላብጦ የሚያረጋግጠው ወይም የሚያፈርሰው ሰው የለም። ጥበቡ ግን አንባቢው አስቀድሞ የተቀበለውን ፍርድ ወስዶ አንድ እርምጃ ማራመዱ ነው፤ የመጀመሪያውን ያከበረ ሰው ሁለተኛውን ለመከልከል ምክንያት እንዲያቀርብ ይገደዳል።

ቀጥሎ የሚመጡት የአቤቱታ ነጥቦች ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። አንደኛው፣ ያገባች ሴት የምታገኘውን ደመወዝ ጨምሮ በንብረት ላይ ያላት መብት ሁሉ እንደተወሰደባት ይናገራል። ይህ «እ» ነው፤ የዘመኑን ሕግ አውጥቶ ማየት ይቻላል። ስናየውም አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን፦ የኒውዮርክ ግዛት ያገቡ ሴቶች ንብረት በስማቸው እንዲይዙ የሚፈቅድ ሕግ ያወጣው ጉባኤው ከመካሄዱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1848 ነበር። ታዲያ አቤቱታው ሐሰት ነው? እንዲህ ብሎ መቸኮል አይገባም። ያ ሕግ የሚስትን ደመወዝ አላካተተም፤ በዚያው ግዛት ይህ የተስተካከለው በ1860 ነው። መግለጫውም የሚናገረው ስለ አንድ ግዛት ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ጠንቃቃ አንባቢ የሚጽፈው «ስለ ደመወዝ የቀረበው አቤቱታ በጊዜው እውነት ነበር፤ ስለ ንብረት የቀረበው ግን በኒውዮርክ በከፊል ተቀይሮ ነበር» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአሥር ሙገሳና ከአሥር ወቀሳ ይበልጣል፤ ማኒፌስቶውን አያፈርሰውም፣ አንባቢው ግን ጸሐፊው ሰነዱን መርምሮ እንደተናገረ ያውቃል።

ፊደላቱን ከጨረሱ በኋላ ይቁጠሯቸው። በ1909 በፓሪሱ ጋዜጣ በ«ለ ፊጋሮ» ታትሞ የወጣውን የፉቱሪስቶች (የጣሊያን የኪነ ጥበብ ንቅናቄ) ማኒፌስቶ በዚህ መንገድ ቢቆጥሩት፣ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት እንዲፈርሱ የሚጠይቅ፣ ጦርነትን የሚያወድስ ጽሑፍ እንደመሆኑ «ፍ» እና «ጥ» ሞልተውት «እ» ሲያንስ ያገኙታል። እንዲህ ካለው ሰነድ ጋር «ማስረጃህ የት አለ?» እያሉ መሟገት ጉንጭ አልፋ ነው። የሚጠየቀው ምንን ከምን አስበልጦ እንደሚያይና ያ ፍርድ ወዴት እንደሚያመራ ነው። የምርጫ ማኒፌስቶ ግን «እ» እና «ቃ» ስለሚበዙበት በቁጥርና በሕግ ይመረመራል። የሚጻፈው ሙግት የሰነዱን ዓይነት መምሰል አለበት።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የቃላቱን ክብደት መመዘን

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት ለማኒፌስቶ አንባቢ የተነገረ ይመስላል። በተለይ ግሦቹን ይመልከቱ። «እንገነባለን»፣ «ለመገንባት እንጥራለን»፣ «እንዲገነባ ሁኔታዎችን እናመቻቻለን» እና «ይገነባል» የሚሉት አራት ሐረጎች በአንድ ትንፋሽ ሲነበቡ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የውጤት ቃል ነው፤ ካልተፈጸመ የተናገረው ተጠያቂ ነው። ሁለተኛው የጥረት ቃል ነው፤ ምንም ባይሠራ እንኳ «ጥረናል» ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ሥራውን ለሌላ ያሸጋግራል። አራተኛው ደግሞ ገንቢውን ጭራሽ ሰውሮታል። «እኛ» የሚለውንም እንዲሁ ይከታተሉ፤ በመጀመሪያው አንቀጽ ፈራሚዎቹን ብቻ የሚያመለክተው «እኛ» በሦስተኛው አንቀጽ ሕዝቡን ሁሉ ጠቅልሎ ሊገኝ ይችላል፤ አንባቢው ሳይጠየቅ ፈራሚ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ቃል በተሳሳተ መንገድ ሲነበብ የሚያስከትለውን ለማየት በየካቲት 2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተሰብስበው ያወጡት የአጃይል ማኒፌስቶ ጥሩ ማሳያ ነው። አራት ጥንድ ነገሮችን ያወዳድራል፤ ለምሳሌ ከዝርዝር ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌርን እንደሚያስበልጥ ይናገራል። ይህን ጠቅሰው «ማኒፌስቶው ሰነድ አያስፈልግም ይላል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጽሑፉ ከአራቱ ጥንዶች ቀጥሎ፣ በቀኝ በኩል ያሉት ነገሮች (እንደ ዝርዝር ሰነድ ያሉት) ዋጋ እንዳላቸው አምኖ በግራ በኩል ያሉትን (እንደሚሠራ ሶፍትዌር ያሉትን) ግን አብልጦ እንደሚያይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል። «ይልቅ» ማለት «ያለ» ማለት አይደለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ዘልሎ የሚጽፍ ሰው ማንም ያልያዘውን አቋም ሲያፈርስ ይውላል።

የተባለውን ካዩ በኋላ ያልተባለውን ይፈልጉ። ወጪው ከየት እንደሚሸፈን፣ ማን እንደሚጎዳ፣ ሁለት የተገቡ ቃላት ቢጋጩ የትኛው እንደሚቀድም ካልተጻፈ፣ አለመጻፉን በማስታወሻዎ ያስፍሩ። ዝምታን እንደ ማስረጃ ሲጠቀሙ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ አንድ ሰነድ ስለ አንድ ነገር ዝም ማለቱ ነገሩን መቃወሙን አያሳይም።

አራተኛ ደረጃ፦ አቋምን በአንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ

አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ሊከራከሩለት ያሰቡትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉና «አይ፣ እንዲያ አይደለም» የሚል አስተዋይ ሰው ሊኖር እንደሚችል ራስዎን ይጠይቁ። «ማኒፌስቶዎች በታሪክ ትልቅ ሚና ተጫውተዋል» የሚለውን የሚቃወም ስለሌለ አቋም ሊባል አይችልም። «ይህን ማኒፌስቶ እወደዋለሁ» የሚለውም አቋም አይደለም፤ ስሜትዎን ማንም ሊክድብዎ አይችልምና። አቋም የሚሆነው ሊሳሳት የሚችል፣ በማስረጃም ሊደገፍ የሚችል ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የምንሠራበትን ምሳሌ እዚህ ላይ እንምረጥ። ሐምሌ 9 ቀን 1955 እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ለንደን ውስጥ ለጋዜጠኞች ያቀረቡት፣ አልበርት አይንስታይን ከመሞታቸው ጥቂት ቀናት አስቀድመው የፈረሙበት፣ በአጠቃላይ 11 ሰዎች ያጸኑት ማኒፌስቶ ስለ ኑክሌር ጦርነት አደጋ ያስጠነቅቃል። ስለ እርሱ የምንይዘው አቋም ይህ ይሁን፦ «የ1955ቱ ማኒፌስቶ ተዓማኒነት የሚመነጨው ከፈራሚዎቹ ዝና ይልቅ የዕውቀታቸውን ወሰን በግልጽ ከማሳየታቸው ነው።» ሊቃወሙት የሚቻል ነው፤ ዝናቸው ነው ወሳኙ የሚል ሰው በቂ መነሻ አለው። ለመመለስ የሚያስፈልገውም ማስረጃ በአብዛኛው በሰነዱ ውስጥ ይገኛል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ማስረጃን ሰብስቦ መመዘን

አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ማስረጃውን፣ በሁለተኛው የሚያረጋግጠውን፣ በሦስተኛው የማያረጋግጠውን ይጻፉ። ሁለቱን ዓምዶች ሁሉም ሰው ይሞላል፤ ጥሩ ጸሐፊ የሚለየው በሦስተኛው ነው።

ከምሳሌያችን አንድ መስመር እንሙላ። በ1957 ካናዳ ውስጥ ፐግዋሽ በምትባል መንደር የተለያዩ አገሮች ሳይንቲስቶች ስለ ኑክሌር ጦር መሣሪያ ለመወያየት ተሰበሰቡ፤ ጉባኤው የ1955ቱ ማኒፌስቶ ያቀረበው ጥሪ ፍሬ ነው። በሁለተኛው ዓምድ «ጥሪው ምላሽ አግኝቷል» ብለን እንጽፋለን። በሦስተኛው ግን «ምላሽ ያገኘው ወሰንን በማሳየቱ መሆኑን አያረጋግጥም» ብለን መጻፍ አለብን፤ በዝናቸውም፣ በዘመኑ ፍርሃትም፣ ስብሰባውን በገንዘብ የደገፈ ባለሀብት በመገኘቱም ሊሆን ይችላል። ማስረጃው እውነት ነው፣ ያማረም ነው፣ ለአቋማችን ግን አይጠቅምም። እንዲህ ያለውን ማስረጃ መተው ከባድ ነው፤ ይተዉት።

የማስረጃ ዓይነቶች የሚሸከሙት ክብደት አንድ አይደለም። የሰነዱ የራሱ ቃል ጸሐፊው ምን እንዳለ ያረጋግጣል እንጂ ያለው እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። በጊዜው የወጣ ሕግ፣ በጀትና ቃለ ጉባኤ በምርጫ የተገባ ቃል መፈጸሙን ለመመርመር ከማንኛውም ንግግር የተሻሉ ናቸው። አንድ ገጠመኝ ነገሩ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል፣ የተለመደ መሆኑን ግን አያሳይም። ቁጥር ሲያጋጥምዎ ከምን ተነሥቶ እንደተቆጠረ ይጠይቁ፤ ከሁለት ወደ አራት ያደገም፣ ከሁለት ሚሊዮን ወደ አራት ሚሊዮን ያደገም «በእጥፍ ጨምሯል» ይባላል። የምስክር ቃል ሲሆን ደግሞ፣ ተናጋሪው ነገሩን በምን እንዳወቀውና እንዲህ በማለቱ የሚጠቀም ወይም የሚጎዳ መሆኑን ያጣሩ። ሰው ራሱን የሚጎዳ ነገር ሲናገር በአብዛኛው ይበልጥ ይታመናል።

አቋምዎን የሚቃወም ማስረጃም በዚያው ወረቀት ላይ ይግባ። በሌላ ወረቀት የተጻፈ ተቃራኒ ማስረጃ በጽሑፍ ጊዜ የመጥፋት ልማድ አለው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ከ«ስለዚህ» በስተጀርባ ያለውን ማውጣት

ብዙ ጽሑፍ የሚወድቀው ማስረጃ አጥቶ አይደለም፤ ማስረጃው ከድምዳሜው ጋር የሚገናኝበት ድልድይ ሳይሠራ ስለሚቀር ነው። ድልድዩ በአብዛኛው «ስለዚህ» በሚለው ቃል ሥር ተደብቆ ይቀመጣል። የሚከተለውን የመጀመሪያ ረቂቅ ይመልከቱ፦

«የ1955ቱ ማኒፌስቶ እጅግ አሳማኝ ነው። ከፈራሚዎቹ መካከል አብዛኞቹ የኖቤል ተሸላሚዎች ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሊቀበለው ይገባል።»

መረጃው ትክክል ነው፤ እንዲያውም ከ11ዱ 9ኙ በዚያን ጊዜ ሽልማቱን አግኝተው ነበር፣ ሌላው ፈራሚ ጆሴፍ ሮትብላት ደግሞ በ1995 የሰላሙን ተሸልመዋል። ታዲያ በመረጃውና በድምዳሜው መካከል ያለው ድልድይ ምንድን ነው? ጮክ ብለን ስናወጣው «የኖቤል ተሸላሚ የተናገረውን ሁሉ መቀበል ይገባል» የሚል ይሆናል። ጸሐፊው ይህን በወረቀት ላይ አስፍሮ ሊከራከርለት አይደፍርም። ራስል ራሳቸው የተሸለሙት በሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ይህ ሽልማት ስለ ጨረር ያላቸውን ዕውቀት አይመሰክርም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ስለ ቦምቡ ኃይል የተናገሩት ክብደት አለው፤ ጦርነት ከነአካቴው ሊቀር ይገባል የሚለው ክፍል ግን ፖለቲካዊ ፍርድ እንጂ የፊዚክስ ግኝት አይደለም።

ድልድዩን ከመረመርን በኋላ አንቀጹን እንደገና እንጻፈው፦

«ማኒፌስቶው ተዓማኒነት የሚያገኘው አደጋውን ከሚያውቀው በላይ ባለማጋነኑ ነው። በርካታ ታዋቂ የሳይንስ ሰዎችና የጦር ስልት ሊቃውንት እንዳስጠነቀቁ ካስታወሰ በኋላ፣ ከእነዚህ መካከል የከፋው ውጤት መድረሱ እርግጥ ነው የሚል እንደሌለ ወዲያው ይጨምራል፤ የሚሉት ሊደርስ እንደሚችልና እንደማይደርስም እርግጠኛ መሆን የሚችል እንደሌለ ነው። ለማስፈራራት ብቻ የተጻፈ ሰነድ ይህን ዓረፍተ ነገር ባላስገባ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ያለዝበዋልና። ጸሐፊዎቹ ለዓላማቸው የማይመቸውን አምነው መጻፋቸው፣ ለዓላማቸው የሚመቸውንም ሲጽፉ በዚያው ጥንቃቄ እንደጻፉ እንድናስብ ምክንያት ይሆነናል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያስተውሉ። አዲስ መረጃ አልያዘም፤ ሥራው ማስረጃው ለምን አቋሙን እንደሚደግፍ መናገር ብቻ ነው። በየአንቀጹ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መኖሩን ይፈትሹ። ከሌለ አንባቢው ድልድዩን ራሱ እንዲሠራ እየጠየቁት ነው፤ እርሱም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊሠራው ይችላል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ተቃውሞን በሙሉ ጉልበቱ ማቅረብ

ተቃዋሚው ቢያነበው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚልበት ቋንቋ ተቃውሞውን ይጻፉ። በምሳሌያችን እንዲህ ይሆናል፦ ያንኑ ጽሑፍ ስማቸው የማይታወቅ 11 ሰዎች ፈርመውት ቢሆን ኖሮ ጋዜጠኞች ለመስማት ባልመጡ ነበር፤ ጥንቃቄውንም የሚያነበው ባልተገኘ ነበር። ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ በከፊልም ትክክል ነው። ስለዚህ በከፊል እንቀበለውና አቋማችንን እናጥብበው፦ ዝናቸው ጆሮ አስገኝቶላቸዋል፤ ጆሮ ማግኘትና መታመን ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፣ እኛም የምንከራከረው ስለ ሁለተኛው ነው። አቋም እንዲህ ሲጠብ የተሸነፈ የሚመስላቸው ጸሐፊዎች አሉ። በእኔ እይታ ግን ያልጠበበ አቋም ገና ያልተፈተነ አቋም ነው።

ማኒፌስቶው ራሱ ይህን ሲያደርግ ማየት ይቻላል። የኑክሌር መሣሪያን ብቻ ለማስቀረት የሚደረግ ስምምነት ጦርነት ሲነሣ እንደማይከበር ይገልጽና፣ እንዲህ ያለው ስምምነት የመጨረሻ መፍትሔ ባይሆንም ጠቃሚ ዓላማዎችን እንደሚያገለግል ያምናል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ የሌላውን ቃል በታማኝነት ማስተላለፍ

ብዙዎቹ ታዋቂ ማኒፌስቶዎች በሌላ ቋንቋ የተጻፉ ስለሆኑ፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የሚያስገቡት ትርጉም የእርስዎ ይሁን የሌላ ሰው በጽሑፉ ውስጥ ይግለጹ። ሙግትዎ በአንድ ቃል ላይ የሚመሠረት ከሆነ ደግሞ ያ ቃል በሌላ መንገድ ሊተረጎም ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ጥቅሱን ከመቁረጥዎ በፊት ቀዳሚውንና ተከታዩን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ።

የሌላውን ሐሳብ በራስዎ ቃል ሲናገሩ የሚመርጡት ግሥ ፍርድ ያዘለ ነው። «ገለጹ» ገለልተኛ ነው። «አመኑ» ተደብቆ የነበረ ነገር እንደወጣ ያስመስላል። «ተናዘዙ» ጥፋተኛ ያደርጋል። «አረጋገጡ» ነገሩ እውነት መሆኑን እርስዎም ይመሰክራሉ ማለት ነው፤ «ሞገቱ» ግን ክርክሩን ለእነርሱ ይተወዋል። ከላይ ስለ 1955ቱ ሰነድ «ያምናል» ብዬ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ለዓላማቸው የማይመች ነገር ሲቀበሉ ማሳየት ስለፈለግሁ ነው። እርስዎም ግሡን የመረጡበትን ምክንያት መናገር መቻል አለብዎት።

የመጨረሻው ደረጃ፦ እርማት

ረቂቁን አንድ ቀን አሳድረው ሲመለሱበት በመጀመሪያ «እንደሚታወቀው»፣ «ያለ ጥርጥር»፣ «ማንም የማይክደው ሐቅ ነው»፣ «ግልጽ ነው» የሚሉትን ሐረጎች ይፈልጉ። እነዚህ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት ማስረጃ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ነው። አንዱን ባገኙ ቁጥር ሐረጉን ይሰርዙና የቀረው ዓረፍተ ነገር በራሱ መቆም መቻሉን ይዩ፤ ካልቆመ ወይ ማስረጃ ያምጡለት ወይ አብሮ ይውጣ። «ሁሉም»፣ «ምንጊዜም»፣ «በጭራሽ» የሚሉትን ደግሞ በአንድ ተቃራኒ ምሳሌ ሊፈርሱ ስለሚችሉ ወደሚያስተማምን ልክ ይመልሷቸው።

ከዚያ ጽሑፉን በአቋምዎ ለማይስማማ አንድ ሰው ይስጡት። «እንዴት አገኘኸው?» ብለው አይጠይቁት፤ ትሕትናው መልሱን ያበላሸዋል። እርሳስ ሰጥተው፣ «ስለዚህ» በሚለው ቃል ላይ ሲደርስ መቀጠል ያቃተው ቦታ ካለ ምልክት እንዲያደርግ ብቻ ይንገሩት። ምልክት ያደረገባቸውን ቦታዎች ወደ ሦስት ዓምዱ ወረቀት መልሰው፣ በሦስተኛው ዓምድ ምን ጽፈው እንደነበር ይመልከቱ።